የሉሳካው ጎመን

ልብስ ነጋዴዋ ናይሮቢም ትግባ ካምፓላ፣ ሻንጣዋን ሆቴል ወርውራ የቻይና ምግብ ቤት ፍለጋ ትወጣለች። የምታዘው የተጠበሰ ጎመን ብቻ ነው። አንዴ ትቀምስና ሳህኑን ገፋ አድርጋ ሂሳብ ትጠራለች። ከዓመታት በፊት የወልቂጤ መንገድ ሲሠራ፣ የመንገድ ሠራተኞቹ ካምፕ ቻይናዊ ምግብ አብሳይ ቸን ጎመን ላይ ኮሰረት መነስነስን የለመደው ከእሷ ነበር። «ሌላ አገር ሥራ ልያዝና እወስድሻለሁ» እንዳላት ቀረ።

ሉሳካ ላይ አንዴ እንደጎረሰች ማኘኳን አቆመች። ኮሰረት ነው።

«ያበሰለውን ሰው ጥሩልኝ» አለች፤ ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች።

አንዲት ነፍሰ ጡር የአገሬው ልጅ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች።

«ይህን ቅጠል ማን አሳየሽ?»

«ባለቤቴ ቸን። እሱ ደግሞ ከእናቱ ነው የተማረው።»

ነጋዴዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችና ጠርጋ በላች።