ቢራውን መልሶ ጠላ የጠየቀው ባለሥልጣን

«ይህን ጠርሙስ ከፊቴ አንሱልኝ!»

ጠላ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አየው...

ጓድ ታፈረ ከአውራጃ ተልኮ ሲማዳ ውስጥ ወገዳ ከተማ ከገባ ገና ሳምንቱ ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሊያከብረው ብሎ ከፈንታው ቡና ቤት ቢራ አስመጥቶለት ነበር።

«ቢራማ የትም አለ። ጎንደር ጠጣኸው፣ እዚህ ጠጣኸው፣ ያው ነው። ጠላ ግን የሰው እጅ አለበት። እትዬ፣ እባክዎ አንድ ጣሳ ይቅዱልኝ።»

የቤቱ ባለቤት እማዋይሽ ቀዳችለት።

ጨለጠው። ከንፈሩን ጠረገና «እናቴን አስታወሱኝ» አላት።

እማዋይሽ የዚያን ዕለት ወደደችው...

ዘመኑ 1980 ነው። የአፈሳ ጊዜ።

ለውትድርና የደረሰ ወንድ ከገበያ፣ ከማሳ፣ ከለቅሶ ቤት ሳይቀር እየተለቀመ ይጫናል። የሲማዳ ጎረምሶች ሸሽተው ቆላ ወርደዋል። የእማዋይሽ አንድ ልጅ ካሴም አብሯቸው ነው።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ካሴን ያሳደገችው በዚሁ ጠላ ነው። ገብሱን ራሷ ትመርጣለች፣ ብቅሉን ራሷ ታበቅላለች፣ ጌሾውን ራሷ ትወቅጣለች። ድፍድፉን ጎረቤት እንኳ አታስነካም።

ቢራ ወገዳ የገባ ሰሞን ጎረምሳው ሁሉ ወደ ፈንታው ነጎደ። ወር ሳይሞላ ግን ተመለሰ። «ውሃ ውሃ ይላል፣ የእማዋይሽ ይሻላል» እያለ...

አሁን ግን ጎረምሳ የለም። ሽማግሌዎች አንድ አንድ ጣሳ ይዘው ይውላሉ። ጠላው ጋን ውስጥ ይሆመጥጣል።

ጓድ ታፈረ ግን አይቀርም። ባልደረቦቹ ቡና ቤት ሲቀመጡ እሱ የእሷ መደብ ላይ ነው። ሲነሣም እጅ ነሥቶ ነው።

አንድ ቀን «እትዬ፣ ልጅ የለዎትም?» አላት።

ፊቷን ወደ ጋኑ አዞረች።

«አይፍሩኝ። እኔም እናት አለችኝ።»

እንባዋ ቀደማት። ሁሉንም ነገረችው...

«እንግዲያው የምሥራች ልንገርዎ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የዚህ ወረዳ ኮታ ሞልቷል። አፈሳው ቀርቷል። ካሴ ይምጣ፣ ጓደኞቹም ይምጡ። ለፋሲካ ሰሞን ገበያ ደህና አድርገው ይጥመቁላቸው። ገብሱን እኔ እልካለሁ።»

«እውነትዎን ነው ጌታዬ?»

«እናቴ ትሙት!»

ገብሱ በጆንያ ተጭኖ መጣ።

እማዋይሽ በዕድሜዋ እንደዚያ ጠምቃ አታውቅም። ቆላ በሚወርዱ ገበያተኛ ሴቶችም መልእክት ላከች። «እማዋይሽ ጠምቃለች፣ ግድ የለም ኑ በሏቸው» ብላ።

ጎረቤቷ ዓለሚቱ ሰምታ መጣች። የእሷም ልጅ ማሞ ቆላ ነው።

«እማዋይሽ... ሰውዬውን ታምኝዋለሽ?»

«ቢራ ትቶ የእኔን ጠላ የሚጠጣ ሰው እንዴት ክፉ ይሆናል?»

ዓለሚቱ አመነቻት። ለማሞ ላከችበት።

የገበያው ቀን ልጆቹ መጡ። ከስተዋል፣ ጠቁረዋል፣ ጢማቸው አድጓል። ቤቱ ሞላ። ሳቁ ከደጅ ይሰማ ነበር። ካሴ እናቱን አንገቷን አቅፎ አልለቅ አላት።

ጓድ ታፈረም መጣ። ቆሞ አንድ ጣሳ ጠጣ። «የዛሬውስ ከሁሉም በልጧል» ብሎ ወጣ።

ከዚያ... ፊሽካ ተነፋ።

ቤቱ በታጣቂ ተከቦ ነበር። ከጓሮ መኪና ቆሟል። ልጆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በገመድ ታሰሩ።

እማዋይሽ ታፈረ እግር ላይ ወደቀች። «ቀርቷል ብለውኝ! በእናትዎ ምለውልኝ!»

ደግፎ አነሣት። የቀሚሷን አቧራ አራገፈላት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ቢራ ነው የምወደው» አላት ቀስ ብሎ። «ጠላ አልወድም። ልጆቹ የእርስዎን ጠላ እንደሚወዱ፣ እርስዎን እንደሚያምኑ ስሰማ ነው የመጣሁት።»

ወደ ታሰሩት ልጆች ዞረ።

«ግን ውለታ አልረሳም። ልጅዎን ትቼልዎታለሁ።»

ካሴ ተፈታ። ብቻውን...

የልጆቹ እናቶች ጩኸቱን ሰምተው ደርሰዋል። አንዴ መኪናው ላይ ያሉትን ልጆቻቸውን ያያሉ፣ አንዴ የተፈታውን ካሴን።

«ሸጥሽን?» አለቻት ዓለሚቱ።

ካሴ እናቱን አያት። «እምዬ፣ እኔ ከቀረሁ ማን ያምንሻል?» አላት። ሄዶ መኪናው ላይ ወጣ።

«አንተ ተለቀሃል እኮ!» አለው ታጣቂው።

«አውቃለሁ።»

ማሞ አጠገብ ተቀመጠ። ማሞ ፊቱን አዞረበት።

ይህን ሁሉም እናት አየች። ግን አንዷም አላመነችም። «ማስመሰል ነው፣ መንገድ ላይ ንፋስ መውጫ ከተማ ሲደርስ ያወርዱታል» ተባለ።

ከዚያ ወዲያ እማዋይሽ ቤት የገባ የለም። እሳት የሚያጭራት እንኳ ጠፋ። ጋኖቿን ደጅ አውጥታ «የፈለገ ይውሰድ» አለች። የነካቸው አልነበረም።

ደርግ ሲወድቅ ማሞ አንድ እግሩን አጥቶ ተመለሰ። ካሴ አልተመለሰም። ንፋስ መውጫም አላወረዱትም ነበር... ማሞን ከምሽግ በጀርባው አዝሎ ሲያወጣ ነው የተመታው።

ዓለሚቱ ይህን ከልጇ ስትሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ እማዋይሽ ቤት ሮጠች።

በሩ ዝግ ነበር። እማዋይሽ ከሞተች ዓመት አልፏታል። ይቅርታውን የሚሰማ ማንም አልነበረም...

ወዳጆቼ፣ የእጃችንን ሥራ ያሞገሰ ሁሉ እኛን የወደደ እንዳይመስለን። አንዳንዱ የሚፈልገው እኛን የሚያምኑ ሰዎችን ነው። ደግሞም በተታለለ ሰው ላይ ለመፍረድ አንቸኩል፣ ይቅርታችን ሳይደርስ ሊያልፍ ይችላልና።

እስኪ ልባችሁን ጠይቁና መልሱልኝ...

በዚያ ቀን በዓለሚቱ ቦታ ቆማችሁ፣ ልጃችሁ ታስሮ ካሴ በገዛ እግሩ መኪናው ላይ ሲወጣ ብታዩ... እማዋይሽን ታምኗት ነበር?