ያልተጠየቀ ምርቃት

ኤሊጂዮ የጎብኚዎቹን ባለአራት ጎማ ሞተሮች በዶሚኒካን የባሕር ዳርቻ እየመራ በትውልድ መንደሩ ሲያልፍ፣ አክስቱ ፍሎራ አቧራውን ለማብረድ ደጇ ላይ ውሃ ትረጭ ነበር። የዚያ አገር ልጅ አክስቱን ሲያይ ቆሞ «መርቂኝ» ይላል። እሱ ግን አንድ ቀን ጎብኚዎቹ «ማን ናት?» ቢሉት፣ የተቀደደ ቀሚሷ አሳፍሮት «እንጃ፣ አንዲት እብድ» ብሎ አሳቃቸው። ሰምታዋለች። በወሩ ተቀበረች።

ዛሬ መንገዱ እንዳለ አቧራ ነው፤ የተዘጋው ደጇ ፊት ብቻ ርሷል። ኤሊጂዮ አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

ባሕሩ ዳር ሲቆሙ፣ ከጎብኚዎቹ ሁሉ ኋላ የደረሰችው፣ ከዋና ከተማው ከሳንቶ ዶሚንጎ የመጣችው ሴትዮ ጭቃ የያዘ ጫማዋን እያራገፈች ጠራችው።

«ስማ፣ እዚያ ውሃ የምትረጨዋ አሮጊት አስቁማኝ ነበር። ‹መሪያችሁ ማን ናት ካለሽ፣ እብዷ ናት በይው፤ መርቂኝ ባይለኝም መርቄዋለሁ› አለችኝ።»