የሶስና አልጋ

ድሬዳዋ ላይ ሌሊቱም እንደ ቀኑ መፋጀት ከጀመረ ወዲህ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ የሚቀዘቅዝ አልጋ አለው። አዋቂው በማራገቢያ ያድራል፤ ሕፃን ግን ያለዚያ አልጋ አያነጋም። ሁሉም የሚሠራው ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር ቀን በሚሞላው ባትሪ ነው።

የእኛ ባትሪ ሰሞኑን ሳይነጋ ያልቅ ጀመር። ኢድሪስን ጠራሁት፤ የሰፈሩን ሶላር የሚገጥመውም የሚጠግነውም እሱ ነው። ማራገቢያውን፣ ፍሪጁን፣ አምፖሎቹን አንድ በአንድ አስጠፋኝና መለኪያውን አየ።

"ባትሪው ደህና ነው እህቴ። ኃይል የሚስብ ነገር ግን አለ።"

"ሁሉንም አጥፍቻለሁ።"

ገመዱን በእጁ እየተከተለ ሄዶ የሶስና ክፍል በር ላይ ቆመ። ሶስና ልጃችን ናት። ባለፈው ግንቦት፣ ባትሪው ባለቀበት ሌሊት ሞተችብን። አርባዋን ያወጣን ለት አልጋዋን በራሴ እጅ ከሶኬቱ ነቅዬ በሩን ዘግቻለሁ።

በሩን ከፈትኩት። አልጋው ይሠራል። አንሶላውን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ታጥቦ ተነጥፏል። እግርጌው ላይ ያቺ የማትለያት ቢጫ ፎጣ ታጥፋ ተቀምጣለች።

ባሌ ምንዳዬ ከኋላችን መጥቶ ወለሉን እያየ ቆሟል።

"ይሞቃታል" አለ።

ኢድሪስ መለኪያውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ወደ እኔ ዞረና "ታዲያ ምን ላድርግላችሁ?" አለኝ።

"የእኛን ማራገቢያ ንቀልልን" አልኩት።