ያልተጠረገችው ጥግ

ናጅዋ ልጇን ከጀርባዋ ሳታወርድ ደጃፉ ላይ ቆማ ጣሪያውን ታያለች።

«ግቢያ!» ይላታል ባሏ ሙስዐብ። «ሌሊት ያን ሁሉ ዝናብ አወረደው አይደል? ጠብ ያለ ነገር ካገኘሽ እኔ ሰው አይደለሁም። ወላሂ፣ ገና ክረምቱ ሳይገባ ነው የደፈንኩት!»

ወላሂ! በዚህ ወላሂ ስንት ክረምት አለፈ። «ነገ እደፍነዋለሁ» ሲል የልጁ ፍራሽ በሰበሰ፤ ልጁም ሲያስለው ከረመ። አንድ ማለዳ ልጁን አዝላ አባቷ ቤት ገባች። ሽማግሌ ቢልክ፣ ራሱ ቢመላለስ፣ «ቤቱን በዓይኔ ሳላይ አልመለስም» አለች። ዛሬም ልታይ ብቻ ነው የመጣችው። የሚያፈስ ከሆነ በመጣችበት ትመለሳለች፤ ከእንግዲህ ሽማግሌም አትሰማም።

ትገባለች። የልጁ መኝታ የነበረው ጥግ ደርቋል። ደስ ሊላት ሲል ልቧ ይጠራጠራል። ይሄ አፈ ቅቤ ጠዋት ደረቅ አፈር በትኖበት ቢሆንስ? እሱን ነው የማታውቀው!

ጎንበስ ስትል አቧራው ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ታያለች፤ እንደ ተገለበጠ የመሶብ ክዳን ወደ ታች የሾሉ። አንድ ጉንዳን ከጠርዙ ሲንሸራተት፣ ከሥር የተደበቀው ትል አፈር እየወረወረ ያወርደዋል።

ሙስዐብ ያፍራል። «ውይ፣ ይቺን ጥግ ሳልጠርጋት…» መጥረጊያ ያነሳል።

«ተው! እንዳትነካቸው!» ትነጥቀዋለች።

ልጅ ሆና በአባቷ ጎተራ ሥር እንዲህ ያሉ ጉድጓዶችን በሰንበሌጥ እየነካካች ያደገች ናት። እነዚህ ትሎች ጠብታ የሚያገኘው አፈር ላይ አይከርሙም። ዛሬ በተበተነ አፈር ላይም ይህን ሁሉ ትልቅና ትንሽ ጉድጓድ አይሞሉም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልጠረግኸው?»

«እ… አንቺ ከሄድሽ ወዲህ።»

ሳቋ ያመልጣታል፤ እንባዋም አብሮ። አልዋሸም! አልሀምዱሊላህ፣ የዛሬውስ ወላሂ እውነት ነው።

«ስንፍናህ ባያወጣህ ኖሮ ዛሬ አልቆልህ ነበር!» ትለዋለች ማዘያዋን እየፈታች። «በል፣ ፍራሹን ወዲያኛው ጥግ አንጥፈው። ይቺን ለነሱ ተዋት።»

ልጁ ወርዶ ጉድጓዶቹ አጠገብ ቁጢጥ ይላል። ናጅዋ ከመጥረጊያው አንዲት ጭራሮ መዝዛ ታቀብለዋለች።