የሞጣዋ መስታወት

ሰገነት መሰላሉ ጫፍ ላይ ሆና ጣሪያው ላይ ወዳለችው መስታወቷ አጎንብሳለች። እኔ ከታች መሰላሉን ይዣለሁ፣ ቮልት የምትለካበት ዕቃ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፣ መጠበቁ ሊገድለኝ ነው። እህቴን አውቃታለሁ፤ እንዲህ ከቆየች ወይ ልታለቅስ ነው ወይ ልትስቅ።

"ቢጫ ሆናለች አይደል?" አልኳት።

"ዘመነ" አለች፣ ወደ ታች ሳታየኝ። "ጥቁር ናት። እንዳለች ናት።"

ጥቁር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ደስታችን አይገባችሁም። መስታወቷ መዳፍ የምታህል ሶላር ናት፣ ሰገነት ራሷ ዩኒቨርሲቲ የሠራቻት። ውስጧ ፔሮቭስካይት የሚባል ነገር ተቀብቷል። ቤታችን ውስጥ ስሙን አስተካክሎ የሚጠራው እሷ ብቻ ናት፣ እናታችን "የሰገነት ቀለም" ነው የምትለው። ርካሽ ነው፣ ፀሐይ መያዝ ይችልበታል፣ ጠላቱ ግን እርጥበት ነው። በጠርዙ በኩል ትንሽ ውሃ ከገባ ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫ ከሆነ በቃ፣ ሞተ። ስለዚህ የእህቴ ጭንቀት ሁሉ ጠርዙ ላይ ነው፤ ውሃ የማያስገባ ማሸጊያ መፈለግ።

አምና ቢቸና እኛ ጣሪያ ላይ ያስቀመጠቻት ነሐሴ ሳያልቅ የእንቁላል አስኳል መሰለች። ዘንድሮ ማሸጊያውን ቀየረችና "ከዚህ ከተረፈች የትም ትተርፋለች" ብላ ለሞጣ ዝናብ ሰጠቻት። የሞጣ ክረምት ቀልድ አያውቅማ። ክረምቱን ከቻለች መምህሯ ትልቁን ሶላር እንድትሠራ ይፈቅዱላታል። ካልቻለች ሌላ ክረምት መጠበቅ ነው። ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ።

ለዚህ ነው ጠዋት ከቢቸና በደብረ ወርቅ አድርገን፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጣጥፈን ሞጣ የመጣነው።

ዕቃውን አቀበልኳትና ለካች። የመጀመሪያ ቀን ከነበራት ምንም አልጎደለም ማለት ይቻላል። ወርዳ አቀፈችኝ፣ እኔም አቀፍኳት፣ እዚያው ግቢ ውስጥ እንደ እብድ እንስቃለን።

ሳቃችንን ሰምተው የግቢው ባለቤት ጋሽ አብዱልዋሂድ ከሱቃቸው በጓሮ በር ወጡ። የአባታችን የገበያ ወዳጅ ናቸው፤ ጨርቅ ይዘው ቢቸና ሲመጡ እኛ ቤት ነበር የሚያድሩት፣ አባታችን ካረፈም በኋላ አልተውንም። ግራ እጃቸው በነጠላ ታስሮ አንገታቸው ላይ ተሰቅሏል። ስንገባ ጠይቀናቸው "እርጅና ነው" ብለው አልፈውን ነበር።

ሚስታቸው እትዬ ዓሊማ ግን ሚስጥር አይችሉም። ደስታችንን ሲያዩ ጊዜ ፈነዱ። ሰውዬው ደመና ባየ ቁጥር ደንበኛ አቁሞ ይሮጥ ነበር አሉ። መሰላሉን ወጥቶ፣ መስታወቷን ሸራ አልብሶ፣ ሸራው ላይ ድንጋይ ጭኖ ይወርዳል። ሲያባራ ደግሞ ወጥቶ ይገልጣል፣ ፀሐይ እንዳያመልጣት። ሐምሌ ላይ እግሩ አዳልጦት ወደቀ፤ ወገሻ ሁለቴ አሽቶት ነው እንዲህ የተሻለው።

"ለወለድኳቸው እንኳን እንዲህ አልሮጠም" አሉ እየሳቁ። "አንዲት ጠብታ አልነካቻትም።"

የሰገነት ሳቅ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

"ጋሼ... ዝናቡን ሁሉ?"

"ምን ነካሽ ልጄ፣ አደራ አላልሽኝም?" አሉ። "'እንደ ልጄ ናት' አላልሽኝም? ልጅ ዝናብ ላይ ይተዋል?"

ብላለች። እኔም ነበርኩ። ሰኔ ላይ ስታስራት ማንም እንዳይነካት፣ አቧራ እንኳን እንዳይጠርጉላት ነግራቸዋለች፤ ከዚያ አደራ ጋሼ፣ እንደ ልጄ ናት ብላ ጉልበታቸውን ነካ አደረገች። ዝናብ ይምታት ብላ ግን አልተናገረችም። ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ነገር ዝናብ እንደሚመታው ማን ለማን ይነግራል? እኛ አገር ደግሞ አደራ ካልክ አልክ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ጋሽ አብዱልዋሂድ ዘንድ ሰማዩም ሩቅ አልነበረም፣ በመሰላል ይወጡለት ነበር።

ትናደዳለች ብዬ ጠበቅኩ። ዝናብ ካልነካት ማሸጊያው አልተፈተነም፤ አንድ ክረምት ነው የሄደባት እኮ። እሷ ግን ጎንበስ አለችና የታሰረውን እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው። "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" አለች። ደግማ ደጋግማ አለች። ከልቧ ነበር፤ ድምጿን አውቀዋለሁ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ለእኛ ዕቃ ብሎ በዝናብ የሮጠ ሰው አስቤ አጣሁ።

ከዚያ መስታወቷ ፀሐዩን በደንብ እንደቻለችው ነገረቻቸው። እውነት ነው፣ ፀሐይና ሙቀትም አንድ ፈተና ነው። የዝናቡን ነገር ግን ልትነግራቸው አልደፈረችም። ሳይነገራቸው ደግሞ አይሆንም፤ የሚመጣው ክረምት ፈተና እዚሁ ጣሪያ ላይ ነው።

"በሉ አንድ ነገር ላሳያችሁ" አሉና ጋሼ ጓዳ ገቡ። በደህናው እጃቸው ተሸክመው የወጡት ከአዲስ ቆርቆሮ የተሠራች ሚጢጢ ቤት ናት። አራት እግር አላት። አሸንዳ ሳይቀር አላት። ክዳኗ ላይ ረጅም ሲባጎ ታስሯል፤ ሳብ ሲያደርጉት ክዳኑ ይከፈታል፣ ሲለቁት ቀጭ ብሎ ይዘጋል።

"ለከርሞ መውጣት የለም" አሉ፣ ልጅ ሆነው። "ደመና ሲመጣ ከሱቄ ሆኜ እለቀዋለሁ። ፈተናዋን አለፈች አይደል ታዲያ?"

ሰገነት የቆርቆሮዋን ቤት ደረቷ ላይ ይዛ ወደ እኔ ዞረች። እሷ አልቻለችም፣ እኔ እንድመልስ ነው። ጋሽ አብዱልዋሂድ ሲባጎውን ይዘው ይጠብቃሉ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?