ያልተነቃነቀ ቁጥር

ኮምፒውተር ጠጋኙ ላፕቶፑን ወደ አሮጊቷ አዞረላቸው። "ይኸው ሲስተር፣ ፕሮሰሰሩ አርባ አምስት ዲግሪ ነው። ምንም አልሆነም፤ እንዲያው ሲጨነቁ ነው" አላቸው። ጡረታ የወጡት ነርስ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩ ላይ አፈጠጡ። የልጅ ልጃቸው የምትማርበት ላፕቶፕ ሰሞኑን በራሱ ድርግም እያለ አስቸግሮ ነበር። ጠጋኙ ሊፈትነው ከባድ ሥራ ጭኖበታል፤ ማራገቢያው ይጮኻል፤ ቁጥሩ ግን ከአርባ አምስት ፈቀቅ አላለም።

"አስር ደቂቃ ሙሉ ሲለፋ የቆየ ነገር ሙቀቱ እንዴት ንቅንቅ አይልም፣ ልጄ? እስኪ በእጅህ ንካው።" ደስ ይበላቸው ብሎ መዳፉን ከላፕቶፑ ሆድ ሥር ሰደደ፤ ወዲያው እያራገፈ መለሰው። ሌላ መለኪያ ፕሮግራም ሲከፍት ዘጠና ስምንት አለ። የመጀመሪያው ፕሮግራም ለካ ሲከፈት ያነበበውን ቁጥር ይዞ ቀርቶ ኖሯል። ኩምሽሽ አለና ማሽኑን አጠፋው። "በምን አወቁ፣ ሲስተር?"

ግንባር እንደሚዳብስ ሰው የእጃቸውን ጀርባ ክዳኑ ላይ አሳረፉ። "አንድ ቀን ዎርዱ ሞልቶ መድረሻ አጣሁ" አሉ፤ "የአንዲት ሕፃን ሙቀት ሦስት ጊዜ ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ ሰባት ብዬ ጻፍኩ። ሦስቱንም ጊዜ ቴርሞሜትሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። በአራተኛው እናቷ እየሮጠች መጥታ ጠራችኝ። ለሕፃኗ አልደረስኩላትም።" ማራገቢያው ቆሟል፤ ብረቱም ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። እሳቸው ግን እጃቸውን አላነሱም።