አንጓው ያልተላገ ደጋን

ቢሰነጠቅስ? ዓይኗን ቢያጠፋባትስ? አያትየዋ ራሷ የሠራችውን የቀርከሃ ደጋን ከያዘችው የልጅ ልጃቸው ጀርባ ቆመው ራሳቸውን ጠየቁ። ባለቤታቸው ግራ ዓይናቸውን ያጡት ራሳቸው በሠሩት ደጋን ነበር፤ እንዲያምር ብለው የቀርከሃውን አንጓ ቢልጉት፣ ጉልበቱ አብሮ ተላገና ሲስቡት ፊታቸው ላይ ፈነዳ። የቤቱ ደንብ ደግሞ አይታለፍም፤ ደጋን የሠራ ሰው መጀመሪያ እስከ ጉንጩ የሚስበው ራሱ ነው።

«አምጪው፣ እኔ ልሳበው። የኔ ዓይን እንደሁ አይቶ ጠግቧል» አሉ አያትየዋ።

«እማዬ፣ የጠርሙስ ክዳን እንኳ እኔ አይደለሁ የምከፍትልሽ?» አለች ልጅቷ እየሳቀች።

«ይሄ ሁሉ ጉብጉብ ምንድን ነው? አላማረም» አሉ አንድ ዓይናው ሽማግሌ ከወንበራቸው።

«አንጓውን አልነካሁትም፣ አባባ» አለችና አውታሩን ሳበች። ቀርከሃው ሲጢጥ ሲል አያትየዋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡ አውታሩ ጉንጯን ነክቷል፤ እጇ ንቅንቅ አላለም።

ሽማግሌው ተነሥተው ደጋኑን ተቀበሏትና አንጓዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያም ለዓመታት ግድግዳው ላይ የኖረውን ያን የፈነዳ የራሳቸውን ደጋን አውርደው፣ የእሷን በቦታው ሰቀሉ። አያትየዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ደረታቸው በኩራት ሞላ። ሽማግሌው አሮጌውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ከቤት ወጡና ወደ ማገዶው ክምር አመሩ።